15 ምስክር፣ 450,000 እንግዳ

ኖክ በምዕራብ አየርላንድ፣ በማዮ ካውንቲ ያለች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ዛሬም አንድ ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። በዓመት ሊሳለሟት የሚመጡት ግን ወደ 1.5 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ነገሩ የተጀመረው በ15 ሰው ነው። ኦገስት 21 ቀን 1879 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ዝናብ ሲወርድ ባመሸበት ሰዓት፣ እመቤታችን ማርያም፣ ቅዱስ ዮሴፍና ወንጌላዊው ዮሐንስ በቤተ ክርስቲያኑ የጎን ግድግዳ ላይ በብርሃን ተገለጡልን ብለው መሰከሩ። ከመካከላቸው ትንሽ ልጅም፣ ሰባ ያለፋቸው አሮጊትም ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆመው አዩ፤ እነሱ በዝናብ ሲበሰብሱ ከግድግዳው ሥር ያለው መሬት ግን ደረቅ ነበር ብለዋል። ማመን አለማመን የአንባቢ ፋንታ ነው፤ ዘመኑን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ምርት የከሸፈበት፣ ጭሰኛው የመሬት ኪራይ መክፈል አቅቶት ከጎጆው መባረርን የሚፈራበት ዓመት ነበር። ራእዩ ታየ ከመባሉ አምስት ቀን ቀደም ብሎ እዚያው ማዮ፣ ካስልባር ከተማ፣ ለጭሰኞች መብት የሚታገል ማኅበር ተመሥርቷል። ወሬው ሲሰማ ምእመናን ጎረፉ፤ የግድግዳውን ልስን እንኳ ለፈውስ እየፈረፈሩ ወሰዱት።

በመቶኛው ዓመት፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1979፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ሲመጡ 450,000 ያህል ሰው ተሰበሰበ። ያኔ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ሕዝብ 3.4 ሚሊዮን አይሞላም፤ ከሰባት ወይም ከስምንት ሰው አንዱ እዚያ ቆመ እንደማለት ነው። በ1976 የተሠራው ባዚሊካ 10,000 ሰው ይይዛል፤ ለዚያ ቀን 45 እንዲህ ያለ ባዚሊካ ባስፈለገ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። የቁምስናው ካህን ሞንሲኞር ጄምስ ሆራን ከመንደሯ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ፣ ጉም በሚያዘወትረው ረግረጋማ ኮረብታ ላይ ትልልቅ ጄቶች የሚያርፉበት ማኮብኮቢያ ይሠራ አሉ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። መንግሥትም ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ካወጣ በኋላ እጁን ሰበሰበ። እሳቸው ቶምቦላ እያሸጡ፣ ባሕር ማዶ ያሉ አየርላንዳውያንን እየለመኑ፣ 2.3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ማኮብኮቢያ ለፍጻሜ አበቁት። ማረፊያው በሜይ 1986 መጨረሻ በይፋ ተመረቀ። ከሁለት ወር በኋላ ሆራን ለመሳለም ሉርድ በሄዱበት አረፉ፤ አስከሬናቸውም በአውሮፕላን መጥቶ እዚያው ባሠሩት ማኮብኮቢያ ላይ አረፈ።

በ2023 ከ800,000 በላይ መንገደኛ በዚያ ኮረብታ አለፈ። አብዛኛው ተሳላሚ አይደለም፤ እንግሊዝ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ ወይም ስፔን ፀሐይ ሊሞቅ የሚሄድ ነው።