በፈረስ ጉልበት የማይመረጥ ፓምፕ

ለእንግዳ ማረፊያው የሶላር ውሃ ማሞቂያ የሚያስገጥም ባለሀብት ሰሌዳውንና ታንከሩን አማርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ፓምፑን ግን ብዙውን ጊዜ ለቧንቧ ሠራተኛው ይተወዋል፤ መለኪያውም «ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» የሚል ይሆናል። የዚህ ጥያቄ ዋጋ ለዓመታት በመብራት ሂሳብ ይከፈላል።

ታንከሩ ከሰሌዳው በላይ ከተቀመጠ ፓምፕ ጭራሽ አያስፈልግም። የሞቀው ውሃ ቀልሎ በራሱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል። ለአንድ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አይታየኝም። ፓምፕ የሚያስፈልገው ታንከሩ ትልቅና ከባድ ሆኖ ምድር ቤት ሲቀመጥ ነው፤ በሆቴል፣ በክሊኒክ፣ በአፓርታማ።

ስህተቱም የሚጀምረው እዚሁ ነው። ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ስለሆነ ውሃን አራት ፎቅ የሚገፋ ሞተር ይገዛል። ነገር ግን ቧንቧው በውሃ የተሞላ ዝግ ዙር ከሆነ በአንዱ መስመር የሚወርደው ውሃ በሌላው የሚወጣውን ይመዝነዋል። ፓምፑ የሚታገለው ከቧንቧው፣ ከመታጠፊያዎቹና ከሰሌዳው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ከፍታው የሚታሰበው ፓምፑ ሲቆም ውሃው ከሰሌዳው ተንጠፍጥፎ እንዲወርድ በተሠራ መስመር ላይ ነው። የሚያስፈልገው ፍሰትም ቢሆን ትንሽ ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ በደቂቃ 1 ሊትር ገደማ ይበቃል።

እናስላው። 4 ካሬ ሜትር ሰሌዳ በጠራ ቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል እንበል። ከቆጣሪ 500 ዋት የሚስብ ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ሞተር በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ፀሐይ በነጻ ከሰጠችው ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ማለት ነው። 20 ዋት የሚወስድ ትንሽ ፓምፕ በዚያው ጊዜ 0.12 ብቻ ይፈጃል። በ300 ፀሐያማ ቀናት ልዩነቱ 900 ለ36 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመብራት ታሪፍ ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በተወሰነበት ጊዜ ይህ ልዩነት በብር ሲሰላ በየዓመቱ ይሰፋል። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የገባ ፓምፕ ሲበላሽ በሌላ መተካት ቀላል ወጪ አይደለም።

ስለዚህ ዕድሜውም ይታሰብ። የሻወሩ ውሃ ራሱ በፓምፑ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ አካሉ ነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ኦክስጅን ይዞ በየቀኑ የሚገባው አዲስ ውሃ ተራውን ብረት ያዝገዋል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓምፑ በጣም የሞቀ ውሃ እንዲስብ ከተደረገ ውስጡ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠርና መዘውሩን ይቦረቡረዋል። ቦታው ከታንከሩ ግርጌ ወደ ሰሌዳው በሚሄደው ቀዝቃዛ መስመር ላይ ነው። ሌሊት ሙቁ ውሃ ወደ ጣሪያ ተመልሶ እንዳይቀዘቅዝ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭም አይቅር።

እኔ የማደላው በራሱ ትንሽ የሶላር ፓኔል ወደሚሠራው የዲሲ ፓምፕ ነው። ቀትር ላይ መብራት ሲጠፋ በቆጣሪ የሚሠራው ፓምፕ ይቆማል፤ ሰሌዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ግን መጋሉን አያቆምም፣ ጉዳቱም በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይወድቃል። የዲሲው ፓምፕ ፀሐይ እስካለች ይዞራል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይፈጥናል፣ ስትደክም ይቀንሳል። ጠዋት ቶሎ እንዲነሳ የፓኔሉ ዋት ከፓምፑ ዋት ከፍ ያለ ይሁን።

ገዢዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ሲያሳልፍ ስንት ሜትር ይገፋል? ስንት ዋት ይወስዳል? እስከ ስንት ዲግሪ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከፓምፑ ጋር በሚመጣው የአምራቹ ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱን ማሳየት ከማይችል ሻጭ አትግዙ።