ገበታ የሚያስፈራበት ሕመም

ማዕዱ ሞልቶ ሳለ መብላት የሚያስፈራው ሰው አለ። አጥንቱ እስኪታይ ከስቶ እንኳ መስታወት ፊት ሲቆም ወፍራም መስሎ ይታየዋል። ሕመሙ አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋል ነው። በ1979 ደግሞ ጄራልድ ራስል የተባለ ሐኪም ቡሊሚያ ነርቮሳን ለይቶ ጻፈ። ይህኛው ራስን መግታት እስኪያቅት ከበሉ በኋላ፣ የበሉትን በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ለማካካስ መሞከር ነው። ሁለቱም የአመጋገብ መዛባት ሕመሞች ናቸው። ከጾም ጋር አይምታቱብን፦ ጿሚ ፋሲካን ይናፍቃል፤ አኖሬክሲያ የያዘው ሰው ግን ፋሲካ እንዳይደርስበት ይፈራል።

መነሻው ምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በእናቶች ላይ ነበር። የመንትዮች ጥናት ይህን ክስ አላላው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዷ ከታመመች፣ ሌላዋም የመታመም ዕድሏ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት ይበልጣል። በ2019 የወጣ ጥናት ወደ 17,000 የሚጠጉ ሕሙማንን ዘረመል ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ከአኖሬክሲያ ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረመል ሥፍራዎችን ለየ። ዝምድናው ከአእምሮ ሕመሞች ጋር ብቻ አልነበረም፤ ሰውነት ስብንና ስኳርን ከሚጠቀምበት ሥርዓት ጋርም ነበር። ሆኖም በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም።

የአካባቢን ድርሻ ለማየት ወደ ፊጂ ደሴቶች እንሂድ። በዚያ ሞላ ያለ ሰውነት የሚመሰገን፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ደግሞ የራሱ ስም ያለው በሽታ ነበር። (እኛም ዘንድ «ምነው ከሳህ?» የሚለው የሐሳብ ጥያቄ አይደል?) በ1995 ናድሮጋ ወደተባለው አውራጃ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ስትጠይቅ፣ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲት እንኳ አልተገኘችም። በ1998 በተጠየቁት ግን ቁጥሩ 11.3 በመቶ ደርሶ ነበር። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ይህን አላደረጉም፤ ቴሌቪዥን ብቻውን ሁሉን አያስረዳም።

ሦስተኛው መነሻ ረኀቡ ራሱ ነው። በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን አጠና። ወጣቶቹ በሕሊናቸው ምክንያት ጦርነት አንዘምትም ያሉ፣ በጦርነቱ የተራቡትን ለመመገብ የሚረዳ ዕውቀት እንዲገኝ ብለው በፈቃዳቸው የገቡ ነበሩ። ለስድስት ወራት ምግባቸው ተቀንሶ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ያኔ የሆነው የሚደንቅ ነው። ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ ጀመሩ፤ ትንሿን ድርሻቸውን ለረጅም ሰዓት እየቆነጠሩ ይበሉ ነበር፤ ከሰው ተገለሉ፣ ተከዙ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላም አንዳንዶቹ ብዙ እየበሉ እንኳ መጥገብ አቃታቸው።

እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ አእምሯቸው ጤነኛ ነበር። የአመጋገብ መዛባት ጠባይ የምንለው ብዙው ነገር የረኀብ ውጤትም መሆኑን ያወቅነው ከእነርሱ ነው። ዘረመሏ ያጋለጣት ልጅ ለመቅጠን ብላ የጀመረችው ረኀብ አእምሮዋን ይለውጠዋል፤ የተለወጠው አእምሮ ደግሞ ከገበታ የበለጠ ያርቃታል። የአኖሬክሲያ ሕክምና የተጎዳውን ሰውነት በምግብ መመለስን የግድ የሚያካትተው ለዚህ ነው። ልጅዎ ከማዕድ መሸሽ ከጀመረች ወይም ከጀመረ፣ ከቁጣ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ልብ የሚደክመው ገና ሳይታወቅ ነውና።