ኦቲዝም ላለባቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመግባባትን ደንብ ስለ ማስተማር

ኦቲዝም የሚባለው የአእምሮ ዕድገት ልዩነት በሐኪሞች ዘንድ በሰፊው የታወቀው ሊዮ ካነር የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ አገር ጽሑፉን ካሳተመ ወዲህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሐንስ አስፐርገር በቪየና ከተማ ይህንኑ የሚመስል ጽሑፍ አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ልጆች አንዱ ያህል ኦቲዝም እንዳለበት ሲገምት ቆይቷል። በአገራችን ስለዚህ ጕዳይ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። ሕፃን ሁሉ ማደጉ አይቀርም፤ ከነዚህም መካከል ንባቡንና ሒሳቡን አሳምረው 9ኛ ክፍል የሚደርሱ አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር የሚግባቡበትን ደንብ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል፥ በተለይም በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ያለውን ኑሮ መሠረት አድርጎ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ችግሩ ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የመግባባትን ደንብ የሚማረው ማንም ሳያስተምረው፥ እያየና እየሰማ ነው። ኦቲዝም ላለበት ሰው ግን በቃል ያልተነገረውን ደንብ መገመት ይቸግረዋል፤ የተነገረውንም ብዙ ጊዜ እንደ ተነገረ ይወስደዋል። ለምሳሌ ምሳቸውን የሚበሉ ተማሪዎች በአጠገባቸው ለሚያልፍ ጓደኛ «እንብላ» ይላሉ። አላፊውም «ብሉ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ቃሉን እንደ ቃሉ የወሰደ ተማሪ ግን ተቀምጦ ቢበላ ሆዳም ይባላል፤ እርሱ ግን የተባለውን ፈጸመ እንጂ ምን አጠፋ? እንደዚሁም ማንን «አንተ»፥ ማንን «እርስዎ» እንደሚሉ፥ የሰላምታ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚፈልግበትና የማይፈልግበት ጊዜ የቱ እንደ ሆነ በመጽሐፍ ተጽፎ አይገኝም። በሰምና በወርቅ መናገር እንደ ብልኀት በሚቈጠርበት አገር፥ ሰሙን ብቻ የሚሰማ ልጅ ምን ያህል እንደሚቸገር መገመት አያዳግትም።

ምልክትም እንደ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ኀይሉ በሣሩ ውስጥ አልነበረም፤ የሣሩን ትርጕም ሁሉም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀው ስለ ነበር ነው። ትርጕሙን ማንም ያልነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ሣር ብቻ ባየ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ተማሪ በየቀኑ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚደርስበት ይህን የመሰለ ነገር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የቤተ ሰብ ሁኔታ ነው። በጋሞ ልማድ የማኅበረሰቡን ወግ መተላለፍ ጎሜ ይባላል፤ ጎሜም በሽታንና ሌላ መከራን ያመጣል ተብሎ ይታመናል። በዚህ እምነት ያደገ ወላጅ የልጁ ጠባይ ከሌሎች ሲለይበት «ምን ጎሜ ሠራሁ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ አያስደንቅም። በሌላውም የአገራችን ክፍል እርግማንና ክፉ መንፈስ ምክንያት ተደርገው ሲነገሩ ይሰማል። ይህም ልጁን ወደ መደበቅ ያደርሳል። ይህን መደበቅ በመቃወም ስማቸው የታወቀው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። እርሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሲሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 እስካረፉም ድረስ ስለነዚህ ልጆች በአደባባይ ተናገሩ። እንግዲህ መምህሩ ለወላጅ በመጀመሪያ ሊነግረው የሚገባው፥ ኦቲዝም በአመዛኙ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት እንጂ የማንም በደል ቅጣት አለመሆኑን ነው።

ወደ ማስተማሪያው ዘዴ ስንመጣ፥ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ሎገሰንና ፍሬድ ፍራንክል ያዘጋጁትና «ፒርስ» የተባለው ትምህርት በብዙ አገር ተሞክሯል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሲሆን፥ ትምህርቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ14 ሳምንታት ይሰጣል፤ ወላጆችም ጎን ለጎን ይማራሉ። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ይኸውም ሰው ሳያስተውል የሚያደርገውን ነገር በደረጃ ከፋፍሎ መናገር፥ በምሳሌ ማሳየትና ማለማመድ ነው። ለምሳሌ ስለ አርባ ምንጭ ከተማ የኳስ ቡድን ከሚጫወቱ ተማሪዎች ጋር ለመቀላቀል የሚፈልግ ልጅ፥ በመጀመሪያ ጠጋ ብሎ ያዳምጣል፤ ሁለተኛ የሚናገሩት ስለ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሦስተኛ ንግግሩ ጋብ እስኪል ይጠብቃል፤ አራተኛ በዚያው ነገር ላይ አጭር ቃል ይጨምራል። ቦታ ካልሰጡት ሳይቈጣ ይሄዳል። ስለ ጫሞ ሐይቅ አዞዎች ብዙ የሚያውቅ ተማሪም ዕውቀቱን እንዲተው አይነገረውም፤ ጥቂት ተናግሮ ሌላውን መጠየቅ እንደሚገባው ይነገረዋል እንጂ።

ነገር ግን የውጭ አገሩን ትምህርት እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ነው። በአሜሪካ የሰውን ዐይን እያዩ መናገር የጨዋነት ምልክት ሲሆን፥ በእኛ አገር ግን ታላቁን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ ዐይን አውጣ ይባላል። ከዚህም ሌላ በአርባ ምንጭ ያለ ተማሪ በቤቱ ጋሞኛ፥ በገበያ አማርኛ፥ በክፍል እንግሊዝኛ ሊጠቀም ይችላል፤ ለየአንዳንዱም ቋንቋ የተለየ ደንብ አለው።

ደንብን በግልጽ ማስተማር ውርደት ነው የሚል ቢኖር፥ እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዲስ የገባ ተማሪ ሁሉ ደወል ሲደወል ምን እንደሚያደርግ፥ በገበታ እንዴት እንደሚቀመጥ፥ ሹካ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ አንድ በአንድ ይነገረው ነበር። ሁላችንም ለቤቱ እንግዳ ስለ ነበርን ማንም በማንም አልሳቀም። ኦቲዝም ያለበት ተማሪም የሚለምነን ይህንኑ ለእንግዳ የሚደረግ ቸርነት ነው።

ጋሞዎች ለዚህ የሚጠቅም ነገር በእጃቸው አላቸው። በዱቡሻ፥ ማለት በሕዝቡ መሰብሰቢያ ሜዳ፥ ነገሩ በምርቃት ይከፈታል፤ ከዚያም ሰዎች ተራ በተራ ይናገራሉ። ማን እንደሚናገር፥ ማን እንደሚያዳምጥ በግልጽ ይታያል። መምህሩ በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍሉን በዚህ ሥርዐት ቢያስቀምጥ፥ መቼ መናገር እንዳለበት ለማያውቀው ተማሪ መንገዱ ይቀናለታል፤ ቃል የሚቀማውም ተማሪ መታገሥን ይማራል።

ይህን የምለው ትምህርቱ ለአንድ ወገን ብቻ መሆን ስለሌለበት ነው። እንግሊዛዊው ዴምየን ሚልተን፥ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጽሑፍ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን እንደ ሆነ ገልጿል። ጠባዩን ቀኑን ሙሉ እየደበቀ ሌላውን ለመምሰል የሚጥር ተማሪ ይደክማል፤ በጭንቀትም ይወድቃል። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ጥላ ሥር መቀመጥ ቢወድ ሊተዉት ይገባል። የትምህርቱ ግብ ሲፈልግ የሚገባበትን በር እንዲያገኝ ማድረግ ነው እንጂ፥ ሌላ ሰው እንዲሆን ማስገደድ አይደለም።

ኢትዮጵያ የአካል ጕዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የትምህርት ሚኒስቴርም በ2012 ባወጣው ስልት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ከሌሎች ጋር አብረው እንዲማሩ ወስኗል። ውሳኔው በክፍል ውስጥ ሥጋ የሚለብሰው ግን በጥቂት ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ፈቃደኛ መምህር፥ በሳምንት አንድ ሰዓት፥ ሁለት ወይም ሦስት ታማኝ ጓደኞች፥ እንዲሁም በቤት የሚያለማምድ ወላጅ ቢገኝ ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካልተደረገ ግን፥ ሒሳቡን የሚችል ልጅ «እንብላ» የሚለውን ቃል ስላልፈታ ብቻ ከትምህርት ቤት ይቀራል።