ተሳቢው ሲሰፋ ጎማውም አብሮ ይስፋ

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ በጨርጨር ደጋማ ቦታዎች መካከል የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ አንደኛው መንገድ ወደ ሚኤሶ ቆላ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በስተምሥራቅ ወደ ሂርና ያመራል፤ ሌላውም ወደ በዴሳና ገለምሶ ያቀናል። በእነዚህ መንገዶች ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬ ዋነኛ እህሉ ማሽላና በቆሎ ነው። የቆላውና የደጋው አዝመራ በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ፣ አንድ መውቂያ ማሽን በተራ በተራ ብዙ ቀበሌዎችን ሊያገለግል ይችላል።

ይህ የሚሆነው ግን ማሽኑ ከአውድማ ወደ አውድማ በሰላም ሲጓጓዝ ነው። እንደ አሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል መውቂያ ያሉ መሣሪያዎች፣ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተሮችና የተበላሹ ባጃጆች ሁሉ በተሳቢ ሊጫኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ለእህልና ለማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ይጠብባቸዋል። በዚህ ጊዜ የማኅበር መሪዎች ተሳቢውን ወደ ብየዳ ቤት ከመውሰዳቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ቁም ነገሮች አሉ።

ማስፋት የግድ ነውን?

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። የሚጫነው ማሽን ከአንዱ ጎማ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ጎማ የውጭ ጠርዝ ይለካል። ከዚያም በተሳቢው ሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ይለካል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ማሽኑን ማጥበብ ተሳቢውን ከማስፋት ይቀላል። የብዙ ትራክተሮች የኋላ ጎማ ቸርኬውን በመገልበጥ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የአንዳንድ መውቂያዎችም ጎማ ተፈትቶ ለብቻው ይጫናል። በዚህ መንገድ ችግሩ ከተፈታ ለብየዳ የሚወጣው ገንዘብ ለማኅበሩ ተረፈ ማለት ነው።

ከጎማ በላይ መጫን ያለው ጉዳት

ማጥበቡ ካልሆነ ብዙዎች የሚመርጡት ቀላሉን መንገድ ነው። በተሳቢው ጎማዎች ላይ ቱቦላሬ በይደው፣ ላሜራ አልብሰው፣ ማሽኑን ከፓራፋንጎው በላይ ያስቀምጡታል። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ግን መንገድ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከጎማ መሐል እስከ ጎማ መሐል 1 ሜትር ከ50 ሴንቲሜትር የሆነ ተሳቢ እንውሰድ። የተሳቢውና የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ተሳቢው ቆሞ ሳለ የሚገለበጠው መሬቱ ወደ ጎን 32 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ነው። ማሽኑ ጎማ ላይ ወጥቶ የክብደቱ ማዕከል 1 ሜትር ከ50 ሲደርስ ግን 27 ዲግሪ ይበቃዋል። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ወጥተው ርቀታቸው 1 ሜትር ከ80 ቢሆንና ማሽኑ በመካከላቸው ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ 37 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ይህ ስሌት ለቆመ ተሳቢ ነው። በኩርባና በጎድጓዳ መንገድ ላይ ከዚህ ባነሰ ዝንባሌ ሊገለበጥ ይችላል። ከጭሮ እስከ ሚኤሶ መንገዱ ከ400 ሜትር በላይ የሚወርድ መሆኑ ሲታሰብ፣ የአሥር ዲግሪው ልዩነት የሰው ሕይወት ማለት ነው።

አክስሉና ባሌስትራው

ስለዚህ ሲሰፋ አብሮ መስፋት ያለበት አክስሉ ነው። እዚህም ላይ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ጎማው በየጎኑ 15 ሴንቲሜትር ወጥቶ ባሌስትራው በቀድሞ ቦታው ከቀረ፣ ከባሌስትራ እስከ ጎማ መሐል የነበረው 15 ሴንቲሜትር 30 ይሆናል። አክስሉን የሚያጎብጠው ኃይልም በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ባሌስትራውና የሻሲው ደጋፊ ብረት ከጎማው ጋር አብረው መውጣት አለባቸው።

አሮጌውን አክስል መሐሉን ቆርጦ ቁራጭ ብረት በመቀጠል ማስረዘም አይመከርም፤ መገጣጠሚያው ከባድ ጭነት የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ በድካም ብዛት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሙሉ አክስል ማስገባት ይሻላል። ኩሽኔታውና ጎማውም የማሽኑንና የተሳቢውን ክብደት የሚችሉ መሆናቸው ይጣራ። የጠቅላላው ስፋት ጉዳይ ደግሞ አስቀድሞ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሊጠየቅ ይገባል። ከ2 ሜትር ከ50 በላይ የሆነ ተሳቢ ከትላልቅ የጭነት መኪኖች ይሰፋል፤ በጠባብ መንገድም ሌላውን ተሽከርካሪ ያስቸግራል።

አጫጫንና አነዳድ

በደንብ የተሠራ ተሳቢም ቢሆን በአጫጫን ጉድለት ይገለበጣል። ማሽኑ ከመሐል መስመር ወደ አንድ ጎን ማዘንበል የለበትም። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ላይ ክብደቱ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ሆኖ፣ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ መጎተቻው ወደ ላይ ይነሣል፤ የትራክተሩ የኋላ ጎማ መሬት የመቆንጠጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ተሳቢውም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

ማሽኑ ሲወጣ የተሳቢው የኋላ ጫፍ በጠንካራ ድጋፍ ይያዝ። መወጣጫው ሳንቃ ርዝመቱ ቢያንስ የተሳቢውን ወለል ከፍታ አራት እጥፍ ይሁን፤ ወለሉ 60 ሴንቲሜትር ከሆነ ሳንቃው 2 ሜትር ከ40 ማለት ነው። ማሽኑ ከወጣ በኋላ በአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ይታሰር፤ ጎማውም በሽብልቅ ይያዝ።

ፍሬን የሌለው ተሳቢ በቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ይገፋዋል። ስለዚህ ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገባ፤ በፎሌ ፈጽሞ አይውረድ። የትራክተሩ የግራና የቀኝ የፍሬን ፔዳሎች በመንገድ ላይ አንድ ላይ መቆለፋቸውንም ያረጋግጥ። አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ወደዚያው ጎን ይዞራል።

የመሪዎች ኃላፊነት

ተሳቢው ከጋራዥ ሲወጣ የማኅበሩ መሪዎች ከባለሙያ ጋር ሆነው ብየዳውን፣ ቡሎኑንና የኋላ አንጸባራቂውን ሊመለከቱ፣ በመጀመሪያም በሜዳ ላይ በዝግታ ሊያስሞክሩት ይገባል። ከሁሉም በላይ ከማሽኑ ጋር ሰው እንዳይሳፈር ማገድ የእነርሱ ሥራ ነው። አውድማ ድረስ በእግር መሄድ አድካሚ ስለሆነ ወጣቶች ተሳቢው ላይ መውጣታቸው የተለመደ ነው። ማሽን ቢገለበጥ ይጠገናል፤ ከሥሩ የዋለ ልጅ ግን አይመለስም።