በቡሽ የሚሠራ ሉር፦ ማንን ይይዛል? መቼ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ (ሉር) እኛ አገር ያዋጣል ወይ?» ያዋጣል። ዓሣውን፣ ሰዓቱንና ወቅቱን ለይቶ ለሚወጣ ሰው ነው ታዲያ።

ከዓሣው እንነሳ። ገበያ የሞላው ቆሮሶ ዋና ምግቡ ደቃቅ አልጌ ስለሆነ ለሉር ደንታ የለውም። አምባዛም ከዓይኑ ይልቅ የሚያምነው አፍንጫውንና ሪዙን ነው። ሉር የሚመታው አዳኙ ነው። ጫሞ ላይ ናይል ፐርችና ታይገር ፊሽ አሉ። ጣና ላይ ደግሞ የባርበስ ወገን የሆኑ 15 ዝርያዎች ተለይተዋል፤ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም፤ ያደኑትን የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ነው። የእነሱ ዘመድ ቢልጫ ጊቤና አዋሽ ውስጥም አለ። ከዳር ዛፍ የሚረግፈውን ነፍሳት ስለሚለቅም ለሱ ትንሽ ሉር ይበቃል።

አሁን ከታች ሆነን እንይ። ዓሣ ወደ ላይ ሲያይ ከውኃው ውጪ ያለው ዓለም የሚታየው ከአናቱ በላይ ባለ ክብ መስኮት ብቻ ነው። ከክቡ ውጪ ያለው የውኃ ገጽ ለሱ መስታወት ነው። ሉሩ ያንን መስታወት ሲሰረጉደውና ሲያናውጠው ነው ዓሣው የሚነቃው። ንዝረቱን ደግሞ በጎኑ ላይ በተዘረጋው የስሜት መስመር ይሰማዋል። ስለዚህ የሉሩን ጀርባ ቀለም የሚያደንቀው ገዢው እንጂ ዓሣው አይደለም። ለዓሣው ሆዱ፣ ጥላውና ድምፁ ይበቁታል። ጥላው ከሰማዩ ጋር ጎልቶ የሚለየው፣ አዳኙም ደፍሮ ወደ ላይ የሚወጣው ንጋትና አመሻሽ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጋችሁ ምሳችሁን ብሉ።

ዋጋው ለከበዳችሁ፦ ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 እ.ኤ.አ. ዝነኛውን ተንሳፋፊ ሉር የሠራው ቡሽ ቀርጾ፣ የቸኮሌት ወረቀት አልብሶና የቀለጠ የፎቶ ፊልም ቀብቶ ነው። እኔም ሰንጋ ተራ ካሉት ምግብ ቤቶች የወይን ጠጅ ቡሽ እለምናለሁ። የቡሹን ሆድ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቁ፤ እግረ ረጅም መንጠቆ አስገብታችሁ በማይለቅ ማጣበቂያ ድፈኑት። ክር የሚታሰርበትን ፊቱን እንደ ማንኪያ ጎድጎድ አድርጉት። ውኃውን ቦጭረቅ የሚያደርገው ያ ጉድጓድ ነው።

አወራወር፦ ሉሩ ካረፈ በኋላ የውኃው ቀለበት እስኪጠፋ አትንኩት። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ አንዴ ነቅነቅ፤ ቦጭረቅ ይላል። ተዉት። እንደገና ነቅነቅ። ብዙ ጊዜ የሚመታው ሉሩ ዝም ባለበት ቅጽበት ነው። ውኃው ሲፈነዳ እጃችሁ ዘንጉን ልመንጭቅ ይላል፤ እንዳትሰሙት! በዓይን ሳይሆን በእጅ ፍረዱ፤ የዓሣው ክብደት ክሩ ላይ እስኪሰማችሁ ጠብቁ። ቀድሞ የጎተተ ሰው ሉሩን ከዓሣው አፍ ይነጥቃል።

ጫሞ የምትሄዱ፦ አዞና ጉማሬ ስላለ ዳር ቆሞ መወርወር አይታሰብም፤ ሐይቁን ከሚያውቅ ሰው ጋር በጀልባ ግቡ። የታይገር ፊሽ ጥርስ ናይሎን ስለሚበጥስ በክሩና በሉሩ መካከል ስስ ሽቦ እሰሩ።

ወቅቱን በተመለከተ፦ ክረምት ላይ ወንዞቻችን ስለሚደፈርሱ ላይ የሚንሳፈፍ ሉር ለማንም አይታይም። የጣና ባርበሶች ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚወጡትም ክረምቱ ከገባ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ በእንቁላል ተሞልተው በወንዝ አፍ ላይ በመረብ የሚታፈሱትም ያኔ ነው። እኛ በዚያ ወቅት መውጣታችን ለራሳችንም አይጠቅም፣ ለነሱም ጉዳት ነው። ስለዚህ ቡሹን አሁን ሰብስቡ፤ ወንዙ ሲጠራ፣ ከኅዳር በኋላ እንወርውር። የሠራችሁትን ፎቶ አንሥታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ።