መገጣጠሚያዎቻችንና የመታጠፍ ጸጋ

በዛሬው የጤና ርዕሳችን ስለ ሰውነታችን መገጣጠሚያዎች እንነጋገራለን።

ሰኞ በባቲ ገበያ የዋለ ሰው ግመል ሲጫን ማየቱ አይቀርም። ያ ትልቅ እንስሳ መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ያጥፋል፤ ቀጥሎ የኋላዎቹን ሰብስቦ መሬት ላይ ያርፋል። ጭነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እግሩ አልታጠፍ ያለ ግመል ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ለጭነት አይመችም። የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። አማርኛችን ብርታትንም፣ የእግርን መገጣጠሚያም በአንድ ቃል "ጉልበት" ማለቱ ያለ ነገር አይደለም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰው ልጅ በ360 መገጣጠሚያዎች መፈጠሩን አስተምረውናል። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ በየማለዳው ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሰደቃ እንዳለብን፣ ሁለት ረከዓ የዱሓ ሶላትም ለዚህ እንደሚበቃ ተገልጿል። ለመሆኑ በየቀኑ ይህን ያህል ምስጋና የሚገባው ጸጋ ምንድን ነው?

መገጣጠሚያ እንዴት ይሠራል?

መገጣጠሚያ ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጉልበትም በአብዛኛው እንደዚሁ ነው። ዳሌና ትከሻ ግን ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳሉ። ሶላታችንን ስናሰላምት ፊታችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የምናዞረው በአንገታችን ላይ አንዱ አጥንት በሌላው ዙሪያ ስለሚሽከረከር ነው።

የአጥንቶቹ ጫፍ ሐኪሞች ካርቲሌጅ በሚሉት ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን ተለብጧል። በመካከላቸው የእንቁላል ነጩን ክፍል የመሰለ ፈሳሽ አለ። ዙሪያውን ጅማቶች አጥብቀው ይዘውታል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል? ከዚያው ፈሳሽ ነው። ስንታጠፍና ክብደታችን ሲያርፍበት እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፤ ስንዘረጋና ጫናው ሲቀልለት ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ ለመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ምግብ ነው። ካናዳዊው ሐኪም ሮበርት ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ታስሮ ከተቀመጠው መገጣጠሚያ ይልቅ በዝግታ የሚንቀሳቀሰው ካርቲሌጅ የተሻለ እንደሚያገግም አሳይተዋል።

ክርን ሳይታጠፍ ቢቀር

አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ለማከናወን ክርኑ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ድረስ መታጠፍ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል። እስቲ እናንተም ሞክሩት። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ሳታጥፉ ጉርሻ ወደ አፋችሁ ለማድረስ ሞክሩ። አይደርስም። ውዱእ ስታደርጉ ፊታችሁን ማጠብ፣ ራሳችሁን ማበስ አትችሉም። ክርኑ ቀጥ ብሎ የደረቀበት ልጅ እጅ እያለው በሌላ ሰው እጅ የሚጎርስ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢያችን ልጅ ከዛፍ ወይም ከአህያ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። የወጌሾቻችንን በጎ ኒያና ደግነት አንክድም። ሆኖም ሁለት አደጋዎችን ማወቅ ግዴታችን ነው። አንደኛው፣ የተሰበረ ክንድ ያብጣል። በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደሙን ይዘጋዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓታት በላይ ከቆየ መሞት ይጀምራል፤ መጨረሻውም እጅን እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ሁለተኛው፣ የተጎዳን ክርን በቅቤ ማሸትና በኃይል መሳብ ነው። እንዲህ ሲደረግ በጡንቻው ውስጥ የማይፈለግ አጥንት ሊበቅልና ክርኑ እስከ ወዲያኛው ሊደርቅ ይችላል።

እናቶች ሆይ! ክንዱ የታሰረ ልጅ ሕመሙ እየባሰበት ከሄደ፣ ጣቶቹን ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያውን ፈታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በጀሶ የታሰረ ከሆነም ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መልሱት። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ደግሞ ልጁ ክርኑን በራሱ አቅም፣ ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ አበረታቱት።

ጉልበትና ሶላት

አሁን ወደ አባቶቻችንና እናቶቻችን እንምጣ። ዘመናቸውን ጎንበስ ብለው ማሽላ ሲያርሙና ሲያጭዱ፣ ቁጢጥ ብለው እሳት ሲያነዱ የኖሩ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ካርቲሌጁ ይሳሳል፣ ጉልበት ያማል። ብዙዎች "ከእንግዲህ አላንቀሳቅሰውም" ብለው ይቀመጣሉ። ጉዳቱ ግን ከዚህ ይብሳል፤ የማይታጠፍ ጉልበት ይደርቃል፣ የጭኑ ጡንቻ ይመነምናል፣ ሸክሙ ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ዛሬ ሐኪሞች ለዚህ ሕመም በቅድሚያ ከሚያዟቸው ነገሮች አንዱ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው።

በአምስቱ ወቅት ሶላት 17 ረከዓ አለ፤ 17 ሩኩእና 34 ሱጁድ ማለት ነው። ወንበር ላይ ስንቀመጥ ጉልበታችን የሚታጠፈው 90 ዲግሪ ያህል ነው። በሁለቱ ሱጁዶች መካከል ስንቀመጥ ግን ወደ 150 ዲግሪ ይደርሳል። የምንሰግደው ለአላህ ብለን እንጂ ለጉልበት ብለን አይደለም። ነገር ግን በእርጋታ የሚሰግድ ሰው ጉልበቱን፣ ዳሌውን፣ ቁርጭምጭሚቱንና የእግር ጣቶቹን በየቀኑ ያንቀሳቅሳል።

ያልቻለስ? ዲናችን ገር ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው በጠየቁ ጊዜ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልተቻለ በጎናቸው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል፤ ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ በወንበር የሚሰግዱ ሽማግሌን በክፉ ዓይን አንይ። እኛም ሳንቸገር ወንበር አናስቀድም። ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶችም ከሶላት ውጭ እግራቸውን ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋታቸውን አይተዉ። መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ከተከተለ ግን የእርጅና ነገር ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ማታ ማዕድ ስትቀርቡ እጃችሁ ከሰሃኑ ወደ አፋችሁ ሲመለስ ክርናችሁን ልብ በሉት፤ አልሐምዱ ሊላህም በሉ። አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ የልጆቻችንን አካል ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።