ጭሱ እንዳይባክን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደጀንን ያለፈ መንገደኛ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመራ ሉማሜን ያገኛል። ይህች የአዋበል ወረዳ ከተማ በጤፍ አገር መካከል ያለች ስለ ሆነች ብዙ ሰው የሚያስባት በእህሏ ነው። እኛን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ለሠርግ ወይም ለተዝካር ጠላ ሊጠመቅ ሲል ከየጓሮው የሚወጣው የወይራ ጭስ ነው።

እንስራ ማጠን ለብዙዎቹ አንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከደረቀም በኋላ የወይራ ወይም የጥንጁት ስብርባሪ በፍም ላይ ይደረግና አፉን ወደ ታች አድርገው በሦስት ድንጋይ ላይ ይደፉበታል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋስ የገባ እንደ ሆነ ፍሙ ነበልባል ያወጣል፤ ጭሱም በድንጋዮቹ መካከል እየሾለከ ወደ እንስራው መግባቱን ትቶ ወደ ባለቤቲቱ ዓይን ይሄዳል።

ልጆች ሳለን አክስታችን ይህን እንድንጠብቅ አዘውን ነበር። ጭሱ የቀነሰ መስሎን እፍ ብንልበት እሳቱ ቦግ አለ፤ እንስራውም ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። «እናንተ ልጆች፣ ጭስ ጠብቁ አልኋችሁ እንጂ እሳት አንድዱ አልኋችሁን?» ያሉን እስከ ዛሬ አይረሳንም። ጥንስሱ ደርሶ ነበርና ሌላ እንስራ ከጎረቤት በውሰት መጣ።

እኒህ ሴት በሚቀጥለው ጊዜ ድንጋዮቹን ተዉአቸው። አንድ ስንዝር ያህል ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ፍሙን በገል አድርገው በውስጡ አኖሩ፤ ጭቃ ከጭድ ጋር አስቦክተው በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ሠሩና የእንስራውን አፍ በዚያ ላይ ገጠሙት። ጭሱ መሹለኩን ተወ፤ ግን ጥቂት ቆይቶ ፍሙም ጠፋ! ስለዚህ በጭቃው ግርጌ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ፣ ከማዶዋም ከእርስዋ ያነሰች ሌላ ቀዳዳ በእንጨት በሱ። ፍሙ ሲደክም የፊተኛዋን ይከፍታሉ፤ ሲበረታ በጠጠር ያጠቧታል።

የሚያስገርመው ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በቺካጎ አጠገብ ጆርጅ ስቲቨን የተባለ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛም በጓሮው ሥጋ ሲጠብስ ነፋስ ቢያስቸግረው፣ በፋብሪካው ከሚሠራው ድቡልቡል የባሕር ተንሳፋፊ አንዱን ለሁለት ከፍሎ ክዳን ያለው ምድጃ አበጀ፤ አየር ማስገቢያ ቀዳዳም አደረገለት። ምድጃው በዓለም ታወቀ። የአክስታችን ጭቃ ግን ክረምት ሲመጣ ፈረሰ።

የሁለቱም ምሥጢር አየርን መመጠን ነው። እንጨት አየር ሲያንሰው በነበልባል ፈንታ ይጨሳል፤ ሊግኒን የተባለው ክፍሉም በሙቀት ሲፈርስ ፌኖል የሚባሉትን ቅመሞች ይሰጣል። ለጠላው ቃና የሚሰጡት፣ ጀርሞችንም የሚያዳክሙት እነዚህ ናቸው፤ የወተት ቅልም የሚታጠነው ስለዚሁ ነው። እርጥብ እንጨት ግን ጥቀርሻ ያበዛል፤ ጠላውንም ያመርረዋል።

ይሁንና ለእንስራ የሚበጅ ጭስ ለሳንባ አይበጅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ስለዚህ ይህ ሥራ በጓሮ እንጂ በማድ ቤት ባይሆን ይሻላል። ወይራም ቢሆን እንደ ድሮው ከየሜዳው አይለቀምም፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ጭስ የማይባክንበት ማጠኛ እፍኝ ስብርባሪ ይበቃዋል፤ አናጢ ዘንድ የወደቀ የወይራ ፍቅፋቂም ያገለግላል፤ ቀለም ወይም ማጣበቂያ የነካው ግን አይሁን።

አክስታችን መታጠኑን የሚያውቁት በሰዓት አልነበረም። የእንስራውን ቂጥ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ሲፋጃቸው ብቻ ያነሡት ነበር።